ፀሐይ ስትወጣ ይንገሩት

እንቅልፍ እምቢ ካለው ሰንብቷል፤ ይታየውም ለምኖ ለምኖ ሲታክተው ተወው። ሌሊቱን ፋብሪካ ውስጥ ዓሣ ሲሰነጥቅ አድሮ፣ እጁን በሳሙና ደጋግሞ አሽቶ፣ ጠረኑ ግን አልለቅ ብሎት ሶፋው ላይ ተጋድሟል። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ቀትር ነው። ቀትር ይሉታል እንጂ መስኮቱ ላይ ያለው ነገር ሊነጋ ይሁን ሊመሽ ያልቆረጠለት ሰማያዊ ጭላንጭል ነው፤ እሱም ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። የዚህ የኖርዌይ ጥግ ፀሐይ ለኅዳር ሚካኤል እንደገባች ከተራራው ወዲያ ትቀራለች፤ ለጥምቀት ካልሆነ ብቅ አትልም። እዚህ በመጣበት ዓመት ይህን ለታላቅ ወንድሙ ለአወቀ በስልክ ቢነግረው አወቀ ሳቀ፤ «ምነው ይታየው፣ አንተ እኮ ውሸት አታውቅም ነበር» አለው። ምሎ ተገዝቶ ሲነግረው ጊዜ ግን፣ «ታዲያ አውራ ዶሮው በምን አውቆ ይጮኻል?» ብሎ ጠየቀ። የመንዝ ገበሬ ጥያቄ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንቅልፍ አጣሁ ባለ ጊዜም ሐኪሙ ምላሱን አላየ፣ ሆዱን አልነካ፣ ኮምፒውተሩን ሲጎረጉር ቆየና መብራት አዘዘለት። መድኃኒት አይደለም፣ መብራት። ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊቱ አብርቶ ሲቀመጥ አካሉ ነጋ ብሎ ያምናል አሉ። መብራቱ ይኸውና ጠረጴዛው ላይ ተገትሯል። እውነት ለመናገር ሲበራ የትውልድ መንደሩን የቀየትን የጥር ፀሐይ ይመስላል፤ የጎደለው ሙቀቱ ብቻ ነው።

ቴሌቪዥኑን የሚከፍተው ለማየት አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲሰማ ነው። ዛሬ የፈረንጆቹ ገና ስለተቃረበ ለቤተሰብ የሚሆን ፊልም አምጥተዋል፤ ሁለት ወንድማማቾች በክፉ ቀን ሲያድጉ። አባት የለም፤ ወይ ባሕር በልቶታል ወይ ጦርነት፣ ቋንቋው ስለሚያመልጠው ይታየው አልለየውም። እናት የሰው ልብስ ታጥባለች። ልጆቹ ያላቸው አንድ ካፖርት ነው፤ ትልቁ ጠዋት ለብሶት ተማሪ ቤት ይሄድና እኩለ ቀን ላይ እየሮጠ መጥቶ ለታናሹ ያለብሰዋል፤ ታናሹ እጅጌው እየተንዘላዘለ ይሄዳል። ይታየው መጀመሪያ ላይ አላገጠባቸው። ችግራችሁ ምድጃ አለው፣ አላቸው፤ ችግራችሁ ድንች አለው፣ የመስኮት መጋረጃ አለው፣ ይህንንማ እኛ ሠርግ ነበር የምንለው። ብቻውን የሚኖር ሰው ከቴሌቪዥን ጋር ቢያወራ ማን ይታዘበዋል። ኋላ ግን ትልቁ ልጅ ማታ ገበታ ላይ የራሱን ዳቦ በጠረጴዛው ሥር ለታናሹ አቀበለው፤ እናቱ ቀና ብትል፣ በልቻለሁ አላት። ያቺን ቃል ይታየው ያውቃታል፤ ፋብሪካው ውስጥ በየቀኑ ትባላለች። ሳቁን ትቶ ተነስቶ ተቀመጠ።

«በልቻለሁ። እነ አባ ወልደ ጻድቅ ቤት በልቻለሁ።» ይህን የሚለው አወቀ ነው፣ በልጅነታቸው። መንግሥት የተለወጠበት ዓመት ነው፤ የዘመተው ሁሉ አንድ ሁለት እያለ፣ እግሩን እየጎተተ ወደ ቀየት ይመለሳል፤ አባታቸው ገሠሠ ግን አልተመለሰም። እናታቸው ተሾመች ድንገት ማታ ቢመጣ ብላ በሩን ሳትቀረቅር ትተኛለች። በዚያ ላይ ውርጭ ገብሱን በአንድ ሌሊት ለብልቦታል። ቤት ውስጥ የቀረችው ጥቂት በሶ ናት፤ እናታቸው በውኃና በጨው ለውሳ አንዳንድ ጭብጥ ታስይዛቸዋለች። አወቀ የዚያን ቀን ቄሱ አባ ወልደ ጻድቅ ቤት ተልኮ ነበር፤ ሲመለስ ፊቱ ላይ ምንም የለም። በሶዋን ለይታየው ሰጠው። ይታየው የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ሁለቱንም ጭብጥ በላ። ደግሞ ባናው አለ። ከበግ ጠጉር የተሠራች አንዲት ባና ነበረቻቸው፤ የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ አንዱ ወዲህ ሲጎትት ሌላው ወዲያ ሲጎትት፣ ሲራገጡ፣ እናታቸው ከመደቡ ላይ ሆና ስትቆጣ ነው የሚያድሩት። ያን ሌሊት አወቀ አልጎተተም። ባናዋን ጠቅልሎ አለበሰው፤ ከእግሩም ሥር አጠፈለት፤ ራሱ ነጠላውን ደርቦ አጠገቡ ቁጭ አለ። ይታየው ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሌሊት ሞቆት አያውቅም። ጠግቦ፣ ሞቆት፣ ደግ ነገር የመጣ መስሎት ተኛ። ጎሕ ሲቀድ ውሻው ጮኸ፤ ገና ማንም ሳያንኳኳ አወቀ ተነስቶ በሩን ከፈተ፤ አባ ወልደ ጻድቅ ጎረቤቱን አስከትለው ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሰው የእናቱን ጩኸት ነው። ካደጉ በኋላ አንድ ቀን እርሻ መሐል፣ «ጋሼ፣ ያን ማታ የአባታችንን ነገር ታውቅ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። አወቀ እርፉን እንደጨበጠ፣ ዞር ሳይል፣ «አንተማ ተኝተህ ነበር» አለ። በሬዎቹንም ነዳ።

እንዲህ ነው ያደጉት። አወቀ ሞፈር ያዘ፣ ይታየው ደብተር ያዘ፤ ማን ምን ይያዝ ብሎ የተነጋገረ የለም። ይታየው መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይቶ ሲማር ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቁን ተሸክሞ የሚመጣለት አወቀ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቁጭ ይላል፤ ግባ ሲሉት ጭቃ ነው እግሬ ይላል። ይታየው የተማሪ ጓደኞቹ ፊት በዚያ ባና ለባሽ ወንድሙ ያፈረበት ቅዳሜም አለ፤ አወቀ አይቶ ይሁን ሳያይ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ስንቁን ለባለ ቤቷ ሰጥቶ ሳያየው ተመለሰ። ይህቺ ትዝታ አሁን ለምን ትመጣለች። ፊልሙ ውስጥ በረዶ ይጥላል፤ ልጆቹ በካፖርቱ ተጠቅልለው ጋሪ ይጠብቃሉ፤ ማን እንደሚመጣ አልገባውም፤ ግን እሱም አብሮ ይጠብቃል።

በእነሱ አገር መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። መንገድ ላይ አይነገርም፣ ማታ አይነገርም፣ ለራበው ሰው አይነገርም። ሰፈሩ ሁሉ አውቆ ባለቤቱ ብቻ ሳያውቅ ያድራል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይስቃል፤ ማንም ፊቱን አያጠቁርበትም። ንጋት ላይ ሽማግሌ ይመጣል፤ ከሽማግሌው ኋላ ደግሞ የሚይዘው፣ ራሱን ከግድግዳ ሲያጋጭ የሚያስጥለው ሰው አለ። እዚህስ? ፋብሪካው ውስጥ አጠገቡ የሚቆም አንድ ሊትዌኒያዊ አለ፤ ባለፈው ክረምት ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረ፤ ጓንቱን አውልቆ አነበበና መልሶ አጠለቀ፤ ዓሣውን መሰንጠቅ ቀጠለ። አባቴ ሞተ ያለው ፈረቃው አልቆ አውቶቡስ ሲጠብቁ ነው፤ እሱም አውቶቡሱ ስለዘገየ ይመስላል የተናገረው። ይታየው እዚያው ፌርማታው ላይ አብሮት አለቀሰ፤ ሰውየው ደንግጦ ትከሻውን እየመታ ሲያባብለው አውቶቡሱ መጣ።

አወቀን ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገረው ሐምሌ ውስጥ ነው። «ለጥምቀት ትመጣለህ?» ይላል አወቀ፤ በየዓመቱ ይላል። ይታየውም በየዓመቱ «ወረቀቴ ካለቀ» ይላል። የመኖሪያ ወረቀቱ አያልቅም። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይመራዋል፤ ሌላው ቢሮ በስልክ አንድን ይጫኑ ሁለትን ይጫኑ ይለዋል፤ የሚጫነውን ሲጫን ሙዚቃ ይከፍቱለታል። ከመስከረም ወዲህ ግን ስልኩን የምታነሳው የአወቀ ሚስት ይመኙሻል ናት። ኔትወርክ የሚይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ወጥታ ትጠብቀዋለች። አወቀስ? ራቤል ገበያ ሄዷል። አወቀስ? ሆዱን ትንሽ አሞት ጸበል ገብቷል። አወቀስ? ዓለም ከተማ የመንገድ ሥራ አግኝቶ ወርዷል፤ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም። እማዬስ? ጆሮዋ ከብዷል፣ ጉብታውንም አትችለው። ይታየው አመናት። ማመን ደግ ነው፣ ያስተኛል። ግን አሁን ታኅሣሥ ነው፤ ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ተከምሯል። በዚህ ወር አውድማውን ጥሎ ድንጋይ ሊፈልጥ ዓለም ከተማ የሚወርድ የመንዝ ገበሬ ገና አልተወለደም።

ደግሞ ያቺ ጥያቄ አለች። በደወለ ቁጥር፣ ሰላምታው እንዳለቀ፣ ይመኙሻል «አጠገብህ የአገር ሰው አለ?» ትለዋለች። ለብቸኝነቱ ያዘነችለት ይመስለው ነበር። «ማን አለና፣ ብቻዬን ነኝ» ይላታል። ያኔ የጉብታው ነፋስ ይሰማል፤ ከዚያ «በል እንግዲያው፣ ደኅና ነን» ብላ ትዘጋለች። አሁን፣ ይህ የፈረንጅ ልጅ ዳቦውን በጠረጴዛ ሥር ሲያቀብል፣ ገባው። ሴትየዋ የምትጠይቀው የመርዶ ጥያቄ ነው። የሚይዝህ ሰው አለህ ወይ ነው የምትለው። የለም ባላት ቁጥር አወቀ እስከሚቀጥለው እሑድ ይኖራል። በዚህች ከተማ ከእሱ በቀር የአገር ሰው የለም፤ አንድ ኤርትራዊ ነበር፣ እሱም ሥራ አግኝቶ ወደ ደቡብ ሄደ። መርዶ ነጋሪ የሌለው ሰው ወንድሙ አይሞትበትም፤ ገበያ ይሄዳል፣ ጸበል ይገባል፣ መንገድ ይሠራል። ይታየው ይህን ሲያስብ ክፋቱ ምኑ ላይ ነው ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ እንዲሁ እየደወሉ ማርጀትም ይቻላል። አንጀቱ ግን አልቀበል አለው። ወንድሙ ካለ ድምፁን መስማት፣ ከሌለም ቁርጡን ማወቅ ፈለገ። ሳያለቅስለት የሚኖረው ኑሮ ወንድሙን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ እንደመብላት ሆነበት።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ የገና ገበታ ቀርቧል። ዘመድ አዝማድ መጥቷል፤ ሽማግሌ ይስቃል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሳህን ይንኳኳል። ይታየው ድምፁን ከፍ አደረገው። ግድግዳው እስኪነዝር ከፍ አደረገውና ስልኩን ደወለ።

«ወንድምዬ፣ እንደምን ሰነበትክ» አለች ይመኙሻል።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ፣ እማዬስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ?»

«ሁሉም ደኅና። የምን ጫጫታ ነው የሚሰማኝ?»

«እንግዶች መጥተውልኝ ነው። የአገር ሰዎች ናቸው፤ ከሩቅ ከተማ መጡ።»

«የአገር ሰው ነው እንዲህ ያለ ቋንቋ የሚያወራው?»

«ልጆቻቸው ናቸው። እዚህ ተወልደው አማርኛው እምቢ ብሏቸው ነው።»

«አይ የሰው አገር» አለች። ቆየችና፣ «ሽማግሌም ይስቃል። እሰማዋለሁ።»

«አዎ፣ ሽማግሌም አለ።»

በዚህ መሐል ከታች የምትኖረው አሮጊት ጩኸቱ ቢመርራት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን መደብደብ ጀመረች። መጥረጊያዋን ይታየው ያውቃታል፤ ከዚያች አሮጊት ጋር የሚነጋገሩት በእሷ ነው።

«ማን ነው የሚያንኳኳው?» አለች ይመኙሻል።

«ሌሎችም እየመጡ ነው።»

«ተመስገን» አለች፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ተመስገን፤ ቤትህ ሰው ሞላልህ።» ነፋሱ መጣ፣ ሄደ። ይታየው አሁን ትነግረኛለች ብሎ የሶፋውን ክንድ ጨበጠ። እሷ ግን የቀየት ሴት ናት፤ ወግ ታውቃለች። «በል ወንድምዬ፣ ስልኩን ለትልቁ ሰው ስጥልኝ» አለች።

ይህን አላሰበውም ነበር። ለትልቁ ሰው ስጥልኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የመንዝ ልጅ የለም፤ ነገሩ ያኔውኑ አልቋል። ቢሆንም ተነሳ፤ እርምጃው እንዲሰማት እግሩን ጎተት እያደረገ ወደ ማእድ ቤቱ ሄደ፤ እዚያ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ድምፁን አወፈረ።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ። ማን ልበልዎ?»

«ወልደ ጻድቅ እባላለሁ።»

ከአፉ የወጣለት ይኸው ስም ነው። አባ ወልደ ጻድቅ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ይመኙሻልም ቀብራቸው ላይ ነበረች። የቴሌቪዥኑ ሰዎች ይዘምራሉ፤ አሮጊቷ ትደበድባለች።

«እንኳን እርስዎ ተገኙ» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «እንግዲህ አባቴ፣ የዚህ ልጅ ወንድም አርፏል። የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሰሞን ሆዱን ያዘው። በቃሬዛ ተሸክመን ወደ መሐል ሜዳ ስንሄድ ዝናቡ ጠና፤ ወንዙን ሳንሻገር አለፈ። አልተሰቃየም ብልዎ ዋሸሁ። ግን አእምሮው አልተለየውም፣ ሰውን ሁሉ ያውቅ ነበር። የልጁን ነገር አደራ ብሏል።»

«ምን ብሎ?» አለ ሽማግሌው። አሁን ድምፁን ማወፈር አላስፈለገውም።

«‹ይታየውን ብቻውን ሳለ እንዳትነግሩት› አለ። ‹ሆዱ ባዶ ሳለም እንዳትነግሩት› አለ። ለዚህ ነው ስንዋሸው የከረምነው። እናቱንም ድምፃቸው ያሳብቅብናል ብለን ነው ስልክ የከለከልናቸው።»

«ደግ አድርጋችኋል» አለ ሽማግሌው።

«ዛሬ አይንገሩት አባቴ። ጨለማ ላይ አይንገሩት። ይብላ፣ ይተኛ። ፀሐይ ስትወጣ ይንገሩት። ብቻ ሰው ይያዘው።»

«እይዘዋለሁ ልጄ። አሁን እሱን ላገናኝሽ?»

«ይተዉት» አለች። «ሁሉም ደኅና ናቸው ብላለች ይበሉት። ወንድምህ አውድማ ላይ ነው ብላለች ይበሉት።» ሊዘጋ ሲል ደግሞ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎ አባቴ» አለች፤ እያለቀሰች ነበር።

ቴሌቪዥኑን አጠፋው። የታችኛዋ አሮጊት መደብደቧን ተወች፤ ቤቱ ያለ ሰው ቀረ። ይታየው ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ቆርቆሮዋን አወጣ። አወቀ ባለፈው ዓመት በመንገደኛ የላከለት በሶ ናት፤ እንዳታልቅበት እየቆጠበ ያቆያት። ውኃ ጨመረ፣ ጨው ጣል አደረገ፣ ለወሰ፤ ሁለት ጭብጥ ሆነች። አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ማዶ ባለው ወንበር ፊት አስቀመጠ። የራሱን በላ። ትንሽ ቆየና፣ አወቀ በልቻለሁ ያለው ይመስል፣ ያኛውንም አንስቶ በላ። ሆዱ ሞላ። ለቅሶው ደረቱ ላይ መጥቶ ቆሟል፤ ይታየው ግን ገና አልተነገረህም አለው፤ ሲነገረን እናለቅሳለን።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ጭላንጭል ጠፍታለች። በዚህ አገር የሚጮኽ ዶሮ የለም፤ ፀሐይም ለጥምቀት ካልሆነ አትወጣም፤ እስከዚያ አወቀ አውድማው ላይ ነው፣ መንሹን ይዞ ነፋስ ይጠብቃል። የሐኪሙን መብራት ከግድግዳው ነቀለና ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከተተው፤ በሩንም ዘጋበት። ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ስቦ ከእግሩ ሥር አጠፈው። «ለጥምቀት ነው፣ ጋሼ» አለ፤ ተኛም።